ከጓሮ እስከ ማሳ፦ የይፋት ቆላ አትክልት ታሪክና የእኛ ሒሳብ

የበጋ መስኖ ሲቃረብ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ያለ ማዳበሪያና ያለ ጸረ ተባይ ኬሚካል፣ በፍግና በኮምፖስት ብቻ አትክልት አልምቶ ቤት ማስተዳደር ይቻላል ወይ? አንዳንዶቻችን ሐሳቡ ከውጭ የመጣና ረጂ ድርጅቶች ስለሚወዱት የሚወራ ይመስለናል። ሌሎቻችን ደግሞ “የአያቶቻችን ሥራ ነው፤ ምን ይቸግራል?” እንላለን። ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ሙሉውን ለማግኘት አትክልት በዚህ አገር እንዴት እንደኖረ፣ በማን እጅ እንደነበረና ወጪው በምን ይከፈል እንደነበረ ወደ ኋላ ሄደን ማየት ይኖርብናል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚሁ ነው።

ከ700 ዓመት ገደማ በፊት

አገራችን ይፋት ከጣርማ በር ብርድ ቁልቁል ወርዶ፣ ከደብረ ሲና ግርጌ እስከ አፋር ሜዳ ጥግ የሚዘረጋ ነው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚህ ቆላ ላይ ትገኛለች። ከደጋው የሚነሱት እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች በዚህ ሜዳ አልፈው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ። ዝናቡ በበልግና በክረምት ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በይፋት ከወንዝ ጠልፎ ማጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባትም ፕሮጀክት ያመጣው ሹመት አይደለም።

የይፋት ስም በታሪክ ጎልቶ የሚታየው በወላስማ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። የይፋት ሱልጣኔት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ያዘ፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። ሕዝቡ ምን ይበላ እንደነበር የጻፈልን ግን ይፋትን በዓይኑ ያላየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው አል-ዑመሪ የተባለ ጸሐፊ፣ ከዚህ አካባቢ ወደ ካይሮ የሄዱ ሰዎችን እየጠየቀ ያገኘውን መዝግቦ አቆየ። በእሱ ጽሑፍ ይፋት ስንዴ፣ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት አገር ነው። ሸንኮራ አገዳና ሙዝ፣ የቅል ዓይነቶች፣ ኪያር፣ ጎመንና ሰናፍጭም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጫትም በዚያው ተጠቅሷል።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትም አንድ ነገር ይነግሩናል። ዛሬ ያለ እነሱ ወጥ የማይሠራ የሚመስለን ቃሪያ፣ በርበሬና ቲማቲም አይገኙበትም። እነዚህ ከአሜሪካ አህጉር የተነሱ ተክሎች ስለሆኑ ወደ እኛ የመጡት በኋላ ነው። የአበሻ ጎመን ግን የዚህችው አገር ተክል ነው። እንግዲህ የይፋት ሰው አዲስ ተክል ለመቀበል ችግር አልነበረበትም ማለት ነው፤ እየተቀበለ ከነባሩ ጋር አዋህዷል። በተራራው ወገብ ላይ የሚኖሩት አርጎቦችም በድንጋይ እርከን አፈሩን አቅበው፣ ገደል በሚመስል ቦታ ላይ እያረሱ ኖረዋል። ንግዱም ሕያው ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ግርጌ የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ የደጋውን፣ የቆላውንና የአፋሩን ሰው ያገናኝ ነበር፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግልበት ነበር።

ጓሮው በሴት እጅ

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪክ በሱልጣኖችና በነገሥታት መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። እሱም የጓሮው ታሪክ ነው። በአባቶቻችን ልማድ ሞፈርና ቀንበር የወንድ ነበር፤ ዶማና መኮትኮቻው የሴት። ጎመኑ፣ ዱባው፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና የአበሻ ሽንኩርቱ ከቤት ኋላ የሚበቅሉት በሴቶች እጅ ነበር። የከብቱ በረት ፍግና የምድጃው አመድ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፤ የዕቃ እጣቢውም ለጎመኑ ይደርሳል። ዘሩ በቅል ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ጭስ በሚያገኘው የጎጆ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ ጎረቤት ሲቸግረው ይሰጣታል።

በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚወጣበት አንድም ነገር አልነበረም። ስለሆነም ማንም ወጪ ብሎ አልመዘገበውም፤ ገቢ ብሎም አልቆጠረውም። አስራት የሚታሰበው አውድማ ላይ ከተወቃው እህል ነበር። እህሉ በጎተራ ይታያል፣ ይለካል። ጎመኑ በየዕለቱ እየተቀነጠሰ በድስት ውስጥ ያልቃል። “ጎመን በጤና” የሚለው ተረታችን ጎመንን የድሀ ምግብ አድርጎ ቢያስቀምጠውም ሰላም ያለበት ኑሮ ምልክት አድርጎታል።

ሁለት ነገር እናስምርበት። አንደኛ፣ ያ ጓሮ ዛሬ “ኦርጋኒክ” የምንለው ነበር፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረ። ሁለተኛ፣ ጓሮው ትንሽ ነበር። ትንሽ የሆነበትን ምክንያት ወደ ታች በሒሳቡ እንመለስበታለን።

መንገዱና ቀይ ሽንኩርቱ

ጣልያን በወረራው ዘመን የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስቶ ወደ ደሴ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሠራ። ይፋት በመኪና ከአዲስ አበባ ጋር መገናኘቷ ከዚያ በኋላ አትክልት የሚሄድበትን አቅጣጫ ቀየረው። ቀድሞ ቲማቲም በአህያ ተጭኖ ከሚደርስበት ገበያ በላይ መሄድ አይችልም ነበር። መኪና ሲገኝ የሮቢት ምርት በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ አትክልት ተራ ማደር ቻለ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የነበረው የመንግሥት የትምባሆ እርሻም በመስኖ ለሩቅ ገበያ ማምረት ምን እንደሚመስል ለአካባቢው ሰው አሳየ።

ከዚያ ቀይ ሽንኩርት መጣ። ዛሬ “የሮቢት ሽንኩርት” ሲባል ከጥንት የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ራሱን የቻለው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ወደ ኢትዮጵያ ገበሬ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በጉጥ የሚተከለው ትንሹ የአበሻ ሽንኩርት ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በኋላ እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤይ ቀይ ያሉ ዝርያዎችን ሲያስተዋውቅ ሽንኩርቱ በመስኖ ቆላዎች ሁሉ ተስፋፋ። ለመላጥ ይቀላል፣ ምርቱ ይበዛል፣ ገበያው ሰፊ ነው።

ነገር ግን በዚህ ለውጥ ውስጥ ብዙ ያልተባለለት ነገር አለ። የአበሻ ሽንኩርት ዘሩ ራሱ ጉጡ ስለሆነ ሴቲቱ ከምርቷ ላይ አስቀርታ በሚቀጥለው ወቅት ትተክለው ነበር። ቀይ ሽንኩርት ግን ዘር የሚሰጠው ኮረቱ እንደገና ተተክሎ አበባ ሲያወጣ ነው፤ ዘሩም ከአንድ ዓመት በላይ ቢቀመጥ የመብቀል ኃይሉ ይወርዳል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዘር ይገዛል። ዘር ሲገዛ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለገንዘቡ ብድር፣ ለብድሩም የመሬት ባለይዞታ። በዚህ መንገድ አትክልት ከጓሮ ወደ ማሳ ወጣ። ማሳው የሚታረሰው በወንድ፣ ፓምፑ የሚገዛው በወንድ፣ ከደላላው ጋር የሚዋዋለውም ወንድ ሆነ። የሴቷ ድርሻ ችግኝ መትከል፣ ማረምና መልቀም ሆኖ ቀረ። ሥራው አልቀነሰላትም። የቀነሰው የውሳኔ ድርሻዋ ነው።

“መድኃኒት” ያልነው

የኬሚካል ማዳበሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ በስፋት መተዋወቅ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የማዳበሪያ ማሳያ እርሻዎችን አካሄደ፤ በአርሲም የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዳፕና ዩሪያ ወደ ሌሎች አውራጃዎችም ደረሱ። ብዙ የተራበ አገር ምርት ለማብዛት ማዳበሪያ መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ይፋትም ቢሆን በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ያየውን አይረሳም።

ጸረ ተባዩ ግን ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ቆላችን የወባ አገር ነው። ዲዲቲ በብዙዎቻችን ቤት የታወቀው መጀመሪያ ለግድግዳ በተረጨው ነው፤ ሕይወትም አትርፏል። ምናልባት ስሙም ከዚያ ተወረሰ፤ እስከ ዛሬ በገጠሩ የተባይ ኬሚካልን “መድኃኒት” እንለዋለን። “ለሽንኩርቱ መድኃኒት ረጨሁ” የሚል ሰው አፉንና አፍንጫውን ሳይሸፍን፣ ለነፋስ ፊቱን ሰጥቶ ቢረጭ አይገርምም። ማንም መድኃኒትን አይፈራምና። የረጨበት ልብስ የሚታጠበው በሚስቱ እጅ ነው። ባዶ ጣሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ መቅጃ ይሆናል። በአገር ደረጃም በየመጋዘኑ ጊዜው አልፎበት የተከማቸውን መርዝ ሰብስቦ ለማስወገድ በሺህ ቶን የሚቆጠር ጭነት ወደ ውጭ አገር መላክ ግድ ሆኗል።

ተባዩም ዝም አላለም። ሽንኩርትን የሚያጠቃው ትሪፕስ በቅጠሉ ልብ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ርጭት በደንብ አይደርስበትም፤ አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገምበት ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት ራትም እንዲሁ ነው። ገበሬው መጠኑን ይጨምራል፣ ዕዳውም አብሮ ይጨምራል። መንግሥት የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ያወጣው ይህን ገበያ ሥርዓት ለማስያዝ ነው።

ሕጉ ምን ሰጠን?

በየካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለርስትን አስወግዶ መሬቱን ለአራሹ አደረገ። በተግባር ግን በገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚሰፍረው የአባወራው ስም ነበር። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ላይ ሲይዝ ይህ ተሻሻለ። ለእኛ ሴቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምፖስት የዛሬ ድካም የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱ በእጇ እንደሚኖር እርግጠኛ ያልሆነች ሴት አፈር ለማዳበር ጉልበቷን አታፈስም።

በ1998 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ የግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጣ። አዋጁ “ኦርጋኒክ” የሚለው ቃል ዝም ብሎ የሚለጠፍ የገበያ ስም እንዳይሆን ደንብና ቁጥጥር አበጀለት። ከዚህ የተጠቀመው በተለይ ቡናችን ነው፤ የገበሬ ዩኒየኖች በማረጋገጫ ወረቀት ወደ ውጭ ልከው የተሻለ ዋጋ አግኝተውበታል። በሮቢት ገበያ ለሚሸጥ ጎመን ግን ማንም ወረቀት አይጠይቅም፤ የተለየ ዋጋም አይከፍልም። ይህን በግልጽ እንነጋገር። ኬሚካል ሳንነካ ያለማነው ቲማቲም ከጎኑ ካለው በውድ ይሸጥልናል ብለን ከተነሳን እናዝናለን።

የኮምፖስትን ነገር በአገር ውስጥ በተግባር ያሳዩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ በጥቂት መንደሮች የተጀመረው ሥራ በኮምፖስት የዳበረ ማሳ ኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ምርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ። ኃይሉም ለቀጣዩ ዓመት እንደሚተርፍ ገበሬዎቹ አይተዋል። ዶክተር ተወልደ እ.ኤ.አ. በ2000 “አማራጭ ኖቤል” የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

አሁን ወደ ማኅበራችን ጥያቄ እንመለስ። ለሽንኩርት ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ምክር በሄክታር 200 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ለሩብ ሄክታር 50 ኪሎ ዳፕና 25 ኪሎ ዩሪያ ማለት ነው። ከዳፕ 18 በመቶው፣ ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በድምሩ 20.5 ኪሎ ናይትሮጅን ይወጣዋል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ደረቁ ሲመዘን ከመቶ ኪሎው 1 ኪሎ ያህሉ ናይትሮጅን ነው እንበል። እንግዲህ ለዚያው ሩብ ሄክታር 20 ኩንታል ተኩል ኮምፖስት ያስፈልጋል። ያውም ኮምፖስት ያለውን ሁሉ በአንድ ወቅት ስለማይለቅ በመጀመሪያው ዓመት ከዚህ በላይ ይፈልጋል። 20 ኩንታል ማን ይሰበስባል? ማን ያገላብጣል? በማን ጀርባ ማሳ ይደርሳል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

መደቧ 10 ሜትር በ10 ሜትር ብትሆንስ? ያኔ የሚያስፈልገው 82 ኪሎ፣ ከአንድ ኩንታል በታች ነው። ይህን ሁለት ፍየልና አንዲት ላም ያላት ቤት በአንድ ጉድጓድ ልታዘጋጀው ትችላለች። በዚያች መደብ ላይ በሚመከረው ርቀት ወደ 3,300 የሽንኩርት ችግኝ ይተከላል፤ ወይም ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያና ባሚያ በየተራ ይበቅልባታል። የአያቶቻችን ጓሮ ትንሽ የነበረው ለዚህ ነው። ስፋቱን የወሰነው ቤቱ የሚያወጣው ፍግና አንዲት ሴት የምትቀዳው ውሃ ነው። ያለ ኬሚካል ማልማት የሚያዋጣው በዚያ ልክ ሲሆን ነው። ሰፊ የሽንኩርት ማሳ ወስደን ማዳበሪያውን ብቻ ብንቀንስ አፈሩም እኛም እንራባለን።

ትርፉ የሚገኘው ከዋጋ ሳይሆን ካልወጣው ወጪ ነው። ሽንኩርት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ብዙ አይቀመጥም። ያኔ ዘር፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ተበድሮ የገዛ ሰው ምርቱን ሸጦም ዕዳው አይወርድለትም። ገንዘብ ያላወጣች ሴት ግን ዋጋ ቢወድቅ ድካሟን ታጣለች እንጂ ባለዕዳ አትሆንም። ከአንድ ይልቅ አምስት ዓይነት አትክልት ካላት ደግሞ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም የምትሸጠው አታጣም።

ያለፉት ዓመታትም ይህንኑ አስተምረዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የምሥራቅ አማራን ቆላዎች አጠቃ። በሚያዝያ 2012 በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘለቀ። መንገድ ሲዘጋ በመንገዱ የሚመጣው ዘርና ማዳበሪያ ሁሉ ይቆማል። በበረት ያለው ፍግ ግን የማንንም ኬላ አያልፍም።

የቀረን ሥራ

ቆላችን ለዚህ ሥራ የራሱ ስጦታ አለው። ሙቀቱ ኮምፖስትን በሦስት በአራት ወር ያበስላል፤ እርጥበቱ እንዳይደርቅ ከመሬት በላይ ከመከመር በጉድጓድ ማዘጋጀት ይሻላል። ይፋት የሚታወቅበት ማሾ ቶሎ የሚደርስ ጥራጥሬ ስለሆነ በሽንኩርትና በሽንኩርት መካከል ቢዘራ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይተውለታል። ቅንጨ አረም አበባ ሳያወጣ ከታጨደ ለኮምፖስት ይሆናል፤ ሆኖም ቆዳ ስለሚያሳክክ እጅን ሸፍኖ መያዝ ያስፈልጋል። የኒም ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሌሊቱን አድሮ ሲጠለል ብዙ ተባዮችን ያባርራል፤ ሁሉንም ግን አይፈውስም። በዝናብ ወራት ሽንኩርትን የሚያጠቃውን የቅጠል በሽታ በኒም ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ያን ጊዜ ሌላ አትክልት መትከል ይመረጣል።

ለአባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚቀጥለው የቁጠባና ብድር ስብሰባ ከመወሰናችን በፊት እያንዳንዳችን መደባችንን በሜትር ለክተን፣ የበረታችንን ፍግ በኩንታል ገምተን እንምጣ። ብድሩ ለመሬቱ ስፋት ሳይሆን ለፍጉና ለውሃው ልክ ይሰጥ። የጉልበት ቀኖቻችንንም በመዝገብ እናስፍር። ፍግ የተሸከምንበት፣ ያረምንበትና ያጠጣንበት ቀን ወጪ ነው፤ ካልተመዘገበ በትርፍ ስም ራሳችንን እንሸውዳለን።

ለለጋሾቻችንም እንዲሁ። እርዳታው በሄክታር ብቻ ሲለካ ገንዘቡ ወደ ሰፊው ማሳ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ የሴት ስም ከሥራው ኋላ ይቀራል። ጋሪ፣ የውሃ ታንከርና የመቆፈሪያ ዕቃ ቢገዛልን ከፍግ ሸክሙ ግማሹ ከጀርባችን ይወርዳል። ያን ጊዜ 10 በ10 የነበረችው መደብ 20 በ20 ልትሆን ትችላለች፤ የሚያስፈልጋትም 330 ኪሎ ያህል ኮምፖስት ነው። ከዚያ በላይ የሚሆነውን ፍጉ ሲበዛ እናየዋለን።